የእናቶች ሞት እንዴት ይቆጠራል?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልብስ አጥበው አስጥተው፣ ቡናው ሊቀርብ ሲል የግቢዎ በር ይንኳኳል እንበል። ከደጅ የቆመችው ወጣት የጥናት መጠይቅ የያዘች ናት። ስሟን ተናግራ፣ መታወቂያዋን አሳይታ፣ ፈቃድዎን ከጠየቀች በኋላ ስለ ቤትዎ፣ ስለ ውኃው፣ ስለ ልጆችዎ ትጠይቅዎታለች። እስከዚህ ድረስ ማለፊያ ነው። ቀጥላ ግን፣ «እናትዎ የወለዷቸው ልጆች ስንት ናቸው? ከመጀመሪያው ጀምረው በየተራ ይንገሩኝ። በሕይወት ያሉት የትኞቹ ናቸው? የሞተችው እኅትዎ በሞተች ጊዜ ዕድሜዋ ስንት ነበር? ነፍሰ ጡር ነበረች?» ትላለች።

ይህን ጊዜ የብዙዎቻችን ፊት ይለወጣል። አፈር የለበሰን ሰው ስለምን ያነሡብናል? ይህቺ ልጅ የእኅቴን ነገር ጽፋ ለማን ልትሰጥ ነው? ደግሞስ ለእኛ ምን ሊጠቅመን? የሚል ሐሳብ ይመጣል። ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም፤ መልስም ሊያገኝ ይገባዋል። የዛሬውን ዓምድ ለዚሁ አውዬዋለሁ።

የበሽታንና የሞትን ሥርጭት በሕዝብ መካከል የሚያጠናው ሙያ ኤፒዲሚዮሎጂ ይባላል። ስሙ ከበድ ቢልም ሥራው ለእኛ ለሴቶች እንግዳ አይደለም። ከአንድ ድግስ የተመለሱ ጎረቤታሞች ማታውን ሆዳቸውን ሲቆርጣቸው ቢያድር፣ በማግስቱ ሴቶቹ ተገናኝተው ምን ይባባላሉ? «ክትፎውን የበላው ማነው? አይቡንስ? እትዬ የጽጌን ጾም ስለያዙ ሽሮውን ብቻ ነው የቀመሱት፤ እርሳቸውን ምንም አላላቸውም» ይባባላሉ። የታመመውን ብቻ ሳይሆን ያልታመመውንም ጠይቀው፣ የሁለቱን ማዕድ አስተያይተው ጥፋቱን ከክትፎው ላይ ያገኙታል። የሙያው መሠረት ይኸው ነው። ሐኪም አንዲቱን ሕመምተኛ አስተኝቶ ይመረምራል፤ የዚህ ሙያ ባለቤት ግን የታመመችውንና ያልታመመችውን፣ የሞተችውንና የዳነችውን ጎን ለጎን አድርጎ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምንድነው? ብሎ ይጠይቃል።

ይሁን እንጂ በማስተያየት ሥራ ውስጥ አንድ ትልቅ ወጥመድ አለ። «እገሊት ሆስፒታል ገብታ ሞተች፤ እኔ ግን አምስቱንም ከቤቴ ወልጄ ይኸው አለሁ» የሚሉ እናቶችን ያላገኘ ሰው አይኖርም። ነገሩ ከላይ ሲያዩት ማስረጃ ይመስላል። ወደ ሆስፒታል የተወሰደችው ማን እንደነበረች ግን ልብ ይበሉ። ምጡ ሁለት ቀን የፈጀባት፣ ደም የፈሰሳት፣ አንቀጥቅጧት ራሷን የሳተች ሴት ናት በመጨረሻው ሰዓት በሰው ትከሻ ወይም በታክሲ ተጭና የምትደርሰው። ከቤቷ በሰላም የተገላገለችው ግን መጀመሪያውኑ ወደዚያ አልሄደችም። ስለዚህ የሆስፒታሉ መዝገብ የተሸከመው የጭንቁን ሁሉ ነው። ከዚህ ተነሥቶ «ሆስፒታል ይገድላል» ማለት፣ እሳት አደጋ መኪና በቆመበት ሁሉ ቤት ሲቃጠል አይቼአለሁና ቤቱን የሚያቃጥለው መኪናው ነው እንደ ማለት ይሆናል። ተመራማሪዎች ብዙ ላባቸውን የሚያፈሱት ይህን የመሰለውን የተዛባ ማስተያየት ለማቅናት ነው።

በትክክል የተደረገ ማስተያየት ምን እንደሚመስል ለማሳየት ሁልጊዜ የሚነሣው ታሪክ በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በከተማው ትልቅ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ። በመጀመሪያው ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች፣ በሁለተኛው ደግሞ አዋላጆች ይሠሩ ነበር። ወላዶቹም በምርጫቸው ሳይሆን በገቡበት ቀን ተራ ይደለደሉ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1841 እስከ 1846 ባሉት ዓመታት በመጀመሪያው ክፍል ከ100 ወላዶች ወደ 10 የሚጠጉት ሲሞቱ፣ በሁለተኛው የሚሞቱት 4 እንኳ አይሞሉም ነበር። ገዳዩም የአራስ ትኩሳት ነው።

ይህን ልዩነት ከሐኪሞቹ ቀድመው ያወቁት የከተማይቱ ድሆች ሴቶች ነበሩ። ወደ መጀመሪያው ክፍል የሚያስገባው ቀን ሲደርስባቸው በጉልበታቸው ተንበርክከው «እባካችሁ ወደ ሁለተኛው ውሰዱን» እያሉ ይለምኑ ነበር። ልመናቸው እንደ ሴት ፍርሃት ተቆጥሮ ቀረ። በዚያው ክፍል ይሠራ የነበረው ሐኪም ኢግናዝ ዜመልቫይስ ግን ሁለቱን ክፍሎች እያስተያየ ምክንያቱን አንድ በአንድ ያጣራ ጀመር። መጨናነቅ ይሆን? ሁለተኛው ክፍል ይበልጥ ይጨናነቃል። አየሩ ይሆን? አየሩ አንድ ነው። ሴቶቹ የሚተኙበት አኳኋን ይሆን? አስለወጠው፤ ሞቱ አልቀነሰም። ለሚሞቱት ሊጸልይ ደወል እያስደወለ የሚያልፈው ቄስ አስደንግጧቸው ይሆን? ብሎ ቄሱን ያለ ደወል በሌላ በር እንዲገባ አስደረገ፤ አሁንም ለውጥ የለም። እ.ኤ.አ. በ1847 አንድ የሐኪም ወዳጁ አስከሬን ሲመረመር ጣቱን ተቆርጦ፣ ልክ እንደ አራሶቹ ባለ ሕመም ሲሞት ነገሩ ተገለጠለት። ሐኪሞቹና ተማሪዎቹ ከአስከሬን ምርመራ በቀጥታ ተነሥተው ወላዶቹን ይመረምራሉ፤ አዋላጆቹ ግን አስከሬን አይነኩም። ወዲያው እጅ ሁሉ በክሎሪን ውኃ እንዲታጠብ አዘዘ። በሚቀጥለው ዓመት በመጀመሪያው ክፍል የሞቱት ከ100 ወላዶች ከ2 በታች ሆኑ። ጀርም የሚባለው ነገር ገና ባልታወቀበት ዘመን፣ በመቁጠርና በማስተያየት ብቻ የተገኘ ፈውስ ነው። ባልደረቦቹ ግን በቀላሉ አልተቀበሉትም። የሐኪም እጅ ገዳይ ነው መባል ማንን ደስ ያሰኛል?

ዛሬ ነገሩ ረቅቋል። ለምሳሌ በእርግዝና ጊዜ የደም ግፊት ከፍ ብሎባቸው ለመንቀጥቀጥ የተቃረቡትን እናቶች ማግኒዥየም ሰልፌት የተባለው መድኃኒት ያድናቸው እንደሆነ ለማወቅ፣ በ33 አገሮች ከ10 ሺህ በላይ ሴቶች ግማሾቹ መድኃኒቱን፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበትን ተመሳሳይ መርፌ በዕጣ እንዲያገኙ ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ታውቋል። የመንቀጥቀጡ አደጋ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ዕጣ የሚጣለው፣ ደህነኛዋ ወደ አንዱ፣ የደከመችው ወደ ሌላው ወገን እንዳትመረጥና ቅድም ያልነው የሆስፒታሉ ወጥመድ እንዳይደገም ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። በቪየና ቆጠራውን ያቀለለው ወላዶቹ ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር መሆናቸው ነበር። ብዙዎቹ ወላዶች ከቤታቸው በሚወልዱበት፣ ሟችም ያለ ምስክር ወረቀት በምትቀበርበት አገር ግን የእናቶች ሞት እንዴት ይታወቃል? በአዲስ አበባ ይህን ጥያቄ በአግባቡ የመለሰው ጥናት በ1974 እና በ1975 ዓ.ም. የነበሩትን ሁለት ዓመታት የሸፈነው ነው። ሆላንዳዊቷ አዋላጅ ነርስ ባርባራ ክዋስት ከባልደረቦቻቸው ጋር ያካሄዱት ይህ ጥናት የሆስፒታል መዝገብ ብቻ በማገላበጥ አልተወሰነም፤ ጠያቂዎች በ32,215 ቤቶች በር ለበር እየዞሩ፣ በዚህ ቤት የወለደች፣ ያረገዘች፣ የሞተች ሴት አለች ወይ? እያሉ ጠየቁ። በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት የሞቱ 45 ሴቶች ተገኙ። ይህም በሕይወት ከተወለዱ 100 ሺህ ሕፃናት አንጻር 566 እናቶች መሞታቸውን ያሳያል።

45 ሞት ለማግኘት 32 ሺህ በር! አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «ታዲያ ይህን ያህል ድካም ለምን?» ይል ይሆናል። ድካሙ የተከፈለው ግን ለቁጥሩ ብቻ አይደለም፤ ከቁጥሩ በስተኋላ ለነበረው ነገር ነው። በቀጥታ ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር ከተያያዙት የሞት ምክንያቶች መካከል ከግማሽ በላይ የሆነው ውርጃ ነበር። ደም መፍሰስ፣ የተጓተተ ምጥ፣ መንቀጥቀጥ ሁሉ ከእርሱ በታች ናቸው። ለሞት ይበልጥ የተጋለጡትም አምስትና ስድስት የወለዱ ባለ ትዳሮች ሳይሆኑ፣ ገና ያልወለዱና ያላገቡ ሴቶች፣ ከእነዚህም መካከል የቤት ሠራተኞችና ተማሪዎች ሆነው ተገኙ። የእናቶች ጤና ሲባል በሁላችን ዐይን የምትታየው ሕፃን የታቀፈች ወይዘሮ ናት። ጥናቱ ያሳየን ግን ከጓዳ የምታድረዋን የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ ይፈቀድልኝ፤ ነገሩ የእኔንም የእርስዎንም ቤት ይነካልና። ከገጠር መጥታ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ስታረግዝ በብዙ ቤት ምን እንደሚሆን እናውቃለን። ሆዷ ከመግፋቱ በፊት የወር ደመወዟ ተሰጥቷት ትሰናበታለች። ከዚያ ወዲያ ከደላላ ቤት፣ ከጓደኛ ቤት፣ ከማንም ቤት ትሆናለች። ብትሞትስ ለጠያቂዋ ማን ይናገርላታል? ያሰናበተቻት እመቤት «በእኔ ቤት የሞተ ሰው የለም» ብትል አልዋሸችም። ያስጠጓትም የእኛ ቤተሰብ አይደለችም ይላሉ። ደግሞ ዘመድ ቢኖራትም የሞቷ ምክንያት በለቅሶው ላይ በሌላ ስም ይጠራል፤ «ድንገት ሆዷን አሟት ነው»፣ «ምች መታት» ይባላል። ይህ ሽፋን ለሟቿ ክብር ተብሎ እንደሚደረግ አውቃለሁ፤ የሚወቀስም አይመስለኝም። ዋጋው ግን ከባድ ነው። በምች ሞቱ ለተባሉ ልጃገረዶች ማንም የደም ከረጢት፣ ማንም የሠለጠነ ባለሙያ አያዘጋጅም።

እንዲህ ያሉ ጥናቶች ስለ ውርጃ ሕግ በተደረገው ክርክር ሲጠቀሱ ኖረዋል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም ጽንስ በሕክምና ሊቋረጥ የሚችልባቸውን ሁኔታዎች ከቀድሞው አስፍቷል። ስለ ሕጉ የየራሳችን አስተያየት ሊኖረን ይችላል። የሞቱት ልጆች ግን አስተያየት ሳይሆኑ እውነት መሆናቸውን ያስመዘገበው ያ በር ለበር የተደረገው ቆጠራ ነው።

እንግዲህ ከየትኛውም ቤት መዝገብ ላይ የማትገኘውን ሴት ለማግኘት ምን መላ ይፈጠር? መላው የተገኘው ከእኅትማማችነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመ አንድ የጥናት ዘዴ፣ በየቤቱ የሞተችውን ከመፈለግ ይልቅ በሕይወት ያለችውን ሴት ስለ እናቷ ልጆች መጠየቅ ይሻላል የሚል ነው። ከተማ ገብታ የሞተችውን ልጅ አሠሪዋ ትረሳት ይሆናል፤ አገር ቤት ያለችው እኅቷ ግን አትረሳትም። አንዲት ጠያቂ አንድ በር አንኳኩታ የአራትና የአምስት ሴቶችን ዕጣ ታውቃለች። በሩ ላይ የቆመችው ወጣት የጠየቀችዎት ያ የሚያስደነግጥ ጥያቄ ይኸው ነው። በአገራችን የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ላይ የሞተችው እኅት ዕድሜ 12 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ ሦስት ነገር ይጠየቃል፤ ስትሞት ነፍሰ ጡር ነበረች? በወሊድ ጊዜ ሞተች? ወይስ እርግዝናው ካበቃ በኋላ በሁለት ወር ውስጥ? «እርግዝናው ካበቃ» የሚለው አነጋገር ታስቦበት የተመረጠ ነው፤ የወረዳትንም፣ ያስወረደችውንም፣ የወለደችውንም ይይዛል፤ ጠያቂዋም የትኛው እንደነበር አታስጨንቅም። በዓለም አቀፉ ትርጉም ደግሞ ወሰኑ 42 ቀን ነው። እኛ ከወንድ ልጅ ክርስትና ጋር የምናያይዛት የአራስነት አርባ ቀን ከሳይንሱ ወሰን ጋር ይህን ያህል መቀራረቧ ሁልጊዜ ያስገርመኛል።

በዚህ ዘዴ በ1992 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ቁጥሩ በሕይወት ከተወለዱ 100 ሺህ ሕፃናት 871 ነበር። በ1997 ዓ.ም. 673፣ በ2003 ዓ.ም. 676፣ በ2008 ዓ.ም. 412 ሆነ። እነዚህን ቁጥሮች በሬዲዮ ሰምተው፣ በ2003ቱ ጊዜ «የእናቶች ሞት በሦስት ጨመረ» ብለው ያዘኑ ሳይኖሩ አይቀሩም። አልጨመረም። እንዲህ ያለ ቁጥር እንደ ገበያ ሚዛን አንድ ነጥብ ላይ አይቆምም፤ የተጠየቁት 16 ሺህ ያህል ሴቶች እንጂ የአገሩ ሴት ሁሉ አይደለምና፣ ባለሙያዎቹ ከቁጥሩ ጎን እስከዚህ ሊወርድ፣ እስከዚያ ሊወጣ ይችላል ብለው ይጽፋሉ። የ2003ቱ 676 እውነተኛ ትርጉሙ ከ541 እስከ 810 ባለው መካከል ነው ማለት ነው። የ2008ቱ 412 ደግሞ ከ273 እስከ 551 ነው። ስለዚህ 673ና 676 አንድ ናቸው፤ ለአምስት ስድስት ዓመት የረባ ለውጥ እንዳልታየ የሚናገሩ ናቸው፤ ይህም ራሱ ከባድ ዜና ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው መውረድ ግን በስሕተት ወሰኑ የሚሸፈን ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ደግሞ ለ2020 እ.ኤ.አ. ያወጡት ግምት 267 ነው፤ እርሱ ከብዙ ምንጭ ተጣምሮ በሒሳብ የሚሠራ ግምት ስለሆነ፣ ከእኅትማማች ጥናቱ ቁጥር ጋር አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ «በአራት ዓመት ይህን ያህል ቀነሰ» ማለት አይገባም። ጋዜጠኞች ሳንቀር በዚህ እንሳሳታለን።

አንድ ሌላ ጉድለትም አለ። እኅት ስለ ሞቷ እንጂ ስለ ሞቷ ምክንያት በቂ ነገር ላታውቅ ትችላለች፤ ዘዴውም የሚነግረን ያለፉትን ሰባት ዓመታት ነው። እሳቱ ዛሬ በየትኛው ቀበሌ እንደሚነድ አያሳይም። ስለዚህም እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በአገራችን የእናቶች ሞት ቅኝት የሚባል አሠራር ተጀምሯል። አንዲት ነፍሰ ጡር ወይም አራስ ከቤቷ ስትሞት የጤና ባለሙያዎች ከለቅሶው ጥቂት ቆየት ብለው ወደ ቤተሰቡ ይመጣሉ። ሕመሙ መቼ ጀመረ? ለመሄድ ማን ወሰነ? መኪና ለማግኘት ስንት ሰዓት ፈጀ? ጤና ጣቢያው ደርሳ ስንት ሰዓት ጠበቀች? እያሉ በአስታማሚዎቿ አንደበት የሞቷን መንገድ ይከታተላሉ። አስከሬን ሳይነካ በቃል የሚደረግ ምርመራ ማለት ነው። ሥራው ጥፋተኛ ፈልጎ ለመክሰስ ሳይሆን በመንገዱ ላይ የተሰበረውን ድልድይ ለማግኘት ስለሆነ፣ ለውይይት የሚቀርበው ወረቀት የሟችም የባለሙያም ስም አይኖረውም።

ከእነዚህ ጠያቂዎች አንዷ ወደ ቤትዎ ብትመጣ መብትዎን ይወቁ። ከማን እንደተላከች፣ መልሱ የት እንደሚደርስ የመጠየቅ፣ አንዱን ጥያቄ የመዝለል፣ ጨርሶም እምቢ የማለት መብት አለዎት። መልስ ለመስጠት ከፈቀዱ ግን ለብቻ ይሁን። አማትዎ ወይም ባለቤትዎ ባሉበት የሚነገር ነገር አለ፤ የማይነገርም አለ። ጠያቂዋም ይህን እንድትጠብቅ የሠለጠነች ስለሆነች «ወደ ጓዳ እንግባ» ቢሏት አትከፋም። እናትዎ የወለዷቸውን ሲቆጥሩም ገና በልጅነት ከቤት የወጣችውን፣ ዐረብ አገር የሄደችውን፣ ከተማ ገብታ ወሬዋ የጠፋውን እኅት አይለፏት፤ ከታላቂቱ ጀምረው በየተራ ሲጠሩ እርሷም ተራዋ ላይ ትመጣለች።